ልጁ ልጅህ ነው

የፋሲሎ ሰው ሆይ፣ ስማ! በጣና ዳር ያደግህ፣ በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ደጅ የምትሳለም፣ ረቡዕና ዓርብ የምትጾም፣ በጥምቀት ነጭ ለብሰህ ታቦት የምትሸኝ፣ ይህ ቃል ላንተ ነው። ነጩን ልብስ ለክብር ትለብሰዋለህ። ከጥቁር እናትና ከጥቁር አባት ነጭ ሆኖ የተወለደ ልጅ በደጅህ ሲያልፍ ግን ጣትህን ትቀስርበታለህ፤ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያልህ ትጮኽበታለህ። ልጆችህ ካንተ ተምረው በጩኸት ይከተሉታል፤ አንተም በረንዳህ ላይ ቁጭ ብለህ ትስቃለህ። እኔ እልሃለሁ፤ ለዚህ ሳቅህ ትጠየቅበታለህ።

የምናገረው አልቢኒዝም ስላለባቸው ወገኖቻችን ነው። ቆዳን፣ ጠጉርንና ዓይንን የሚያጠቁረውን ሜላኒን የተባለ ቀለም ሰውነታቸው በበቂ አያመርትም። ከወላጅ በዘር የመጣ የተፈጥሮ ሁኔታ ነው። ለምጽ አይደለም፤ አይጋባም፤ አብሮ በመብላት፣ በመሳሳም፣ አንድ አልጋ ላይ በመተኛት አይተላለፍም። በዓለም ከ17,000 እስከ 20,000 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ፣ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ደግሞ ከ5,000 እስከ 15,000 ከሚሆኑት አንዱ እንዲህ ሆኖ እንደሚወለድ ይገመታል። «እኔ ያየሁት አንድ ሁለት ብቻ ነው» አትበል። ጓዳ ተዘግቶበት የሚያድገውን ከየት ታየዋለህ?

አስቀድሜ ወደ አባቱ እመጣለሁ፤ በደሉ የሚጀምረው ከርሱ ነውና።

አንተ አባት፣ ሚስትህ ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ አምጣ ወልዳ ሕፃኑን ባሳዩህ ጊዜ ምን አልህ? እልልታው በመሐል ሲቋረጥ ዓይንህን ወደ ማን አዞርህ? «ይህ የኔ አይደለም» አልህ። ገና ወገቧ ያልጠናላትን አራስ «ከየትኛው ፈረንጅ ነው?» ብለህ ጠየቅሃት። ሆቴል ቤት የምትሠራ፣ ለጎብኚ ጀልባ የምታሰናዳ ወይም በሐይቁ ዳር ሻይ የምትሸጥ ከሆነች ደግሞ ወዮላት፤ ከተማችን የእንግዳ ከተማ ናትና ማስረጃ ያገኘህ መሰለህ። በ40 ቀኑ ልጅህ ክርስትና ሲነሣ የአባቱ ቦታ ባዶ ነበር። ካህኑ ሲጠይቁ እናትየው አቀርቅራ አለቀሰች። አንተ የት ነበርህ? ጓዝህን ጠቅልለህ ሄደሃል፤ በወንድነትህ የተቀለደብህ መስሎህ በየመሸታ ቤቱ ስሟን ታጠፋለህ።

እንግዲህ እውነቱን ስማ። ይህ ውርስ ከእናት ብቻ አይመጣም። ከአባትም ከእናትም እኩል ካልመጣ በልጁ ቆዳ ላይ አይገለጥም። አንድ ብቻ የወረሰ ሰው መልኩ ከማንም አይለይም፤ ከቅድመ አያቱ የተቀበለውን እንደ ተዳፈነ ፍም ይዞት ይኖራል፣ ለልጁም ያወርሰዋል፤ እርሱ ራሱ አያውቅም። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ሲጋቡ በየእርግዝናው ከአራት አንድ ዕድል ልጁ ከሁለቱም ወርሶ ነጭ ሆኖ ይወለዳል። ታላቁ ጥቁር፣ ታናሹ ነጭ፣ ተከታዩ እንደገና ጥቁር ቢሆን ሥርዓቱ ይኸው ነው። ፈረንጅ ወልዶት ቢሆንማ ልጁ ክልስ ይሆን ነበር እንጂ ጠጉሩና ሽፋሽፍቱ እንዲህ አይነጣም ነበር። ስለዚህ የልጁ ቆዳ በሚስትህ ላይ አንዳች አይመሰክርም። ግማሹን ያመጣኸው አንተ ነህ።

«እኛ እኮ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው» ትለኝ ይሆናል። መልካም አድርገሃል። ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ እንዲህ ያለው ውርስ የመገናኘት ዕድሉ ይሰፋልና አባቶቻችን በከንቱ አልቆጠሩም። ነገር ግን ይህ ውርስ ከሰባት ቤትም በላይ ይሻገራል፤ ከቋራ የመጣና ከደብረ ታቦር የመጣች፣ የማይዛመዱ ሁለት ሰዎች ሊሸከሙት ይችላሉ። በደል ብለህ የምትፈልገው ሁሉ በዚህ ውስጥ የለም።

የተማርሁ ነኝ፣ መጽሐፍ አውቃለሁ የምትል ከሆነ ደግሞ በገዛ መጽሐፍህ እወቅስሃለሁ። ከከተማችን ዳርቻ ጀልባ ብትሳፈር ብዙም ሳትርቅ ክብራን ገብርኤል ትደርሳለህ። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው የሚባልለት የመጽሐፈ ሔኖክ ብራና ተጠብቆ የኖረው በዚያ ደሴት ገዳም ነው። ሌላው ዓለም ይህን መጽሐፍ አጥቶት ሲኖር ሙሉውን በግእዝ ያቆየችው ቤተ ክርስቲያናችን ናት፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ከኛ አገር ይዞ አውሮፓ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1773 ነበር። 106ኛውን ምዕራፍ አንብበኸዋል? ካላነበብኸው ዛሬ ማታ አንብበው።

ላሜህ ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደችለት። የሕፃኑ ሰውነት ነጭና ቀይ፣ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ተገኘ፤ ዓይኑን ሲገልጥም ቤቱ በብርሃን ተሞላ። አባቱ ደነገጠ። ከሰው የተወለደ አልመሰለውም፤ ከሰማይ መላእክት ዘር ነው ብሎ ጠረጠረና ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላ ሸሸ። ማቱሳላም የልጁን ጭንቀት ይዞ እስከ ምድር ዳርቻ ወደ ሔኖክ ተጓዘ። የሔኖክ ፍርድ አጭር ነበር፤ ሕፃኑ በእውነት የላሜህ ልጅ ነው፣ ስሙንም ኖኅ በሉት አለ። አባቱ ፈርቶት የሸሸው ያ ሕፃን መርከቡን ሠራ፤ ከጥፋት ውኃ የተረፍነው በርሱ ነው። አርኖልድ ሶርስቢ የተባለ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1958 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ይህንኑ ምዕራፍ አንሥቶ ኖኅ አልቢኒዝም ነበረበት ይሆን ብሎ ጽፏል። እኔ በዚያ አልከራከርም። የኔ ጉዳይ ከላሜህ ጋር ነው። የላሜህ ድንጋጤ ያንተ ድንጋጤ ነው፤ ሽሽቱም ያንተ ሽሽት ነው። ላሜህ ግን ሸሽቶ የሄደው ወደሚያውቅ ሰው ነበር፤ ጠየቀ፣ አስጠየቀ፣ የተነገረውንም ተቀበለ። አንተ ማንን ጠየቅህ? የሠፈር ወሬኛ ሰምተህ ሚስትህን ፈረድህባት። በደጅህ ያለ ብራና የሚነግርህን ሳታነብ፣ ሐኪም ሳትጠይቅ፣ ቤትህን አፈረስህ።

ተነሥና ተመለስ። «ይቅር በይኝ» የሚለው ቃል ከጉሮሮህ የማይወጣ ከሆነ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ። ስሟን ያጠፋኸው በአደባባይ ነውና ይቅርታውም በአደባባይ ይሁን። በመሸታ ቤት ያወራኸውን እዚያው መሸታ ቤት ቆመህ «ዋሽቼ ነበር፤ ልጁ ልጄ ነው» በል። ያላሳደግኸውን ዓመት ቀለብ ቆጥረህ ስጥ። ንስሐ ከኑዛዜ በኋላ ካሳ እንዳለው የንስሐ አባትህ ነግረውሃል፤ ካልነገሩህ ጠይቃቸው።

እናንተስ እናቶች፣ እኅቶች፣ ጎረቤቶች? ገንፎ ይዛችሁ አራስ ልትጠይቁ ገብታችሁ ወሬ ይዛችሁ ወጣችሁ። ቡናው በተፈላ ቁጥር «ቀትር ላይ ፀንሳው ነው»፣ «ጋኔን አይቷት ነው»፣ «እናቷ የረገመቻት ናት»፣ «አንድ ነገር ሠርታ ነው» ትባባላላችሁ። አቦል ላይ ጠርጥራችሁ፣ ቶና ላይ አረጋግጣችሁ፣ በረካ ላይ ትፈርዳላችሁ። ያቺ ሴት ከግድግዳው ማዶ ትሰማችኋለች። ቡና መጠጣት የተወችው ለምን ይመስላችኋል? ጽዋ ማኅበሩን የተወችው፣ ከዕድሩ የቀረችው፣ ልጇን በሻሽ ሸፍና በጨለማ የምትወጣው ለምንድን ነው?

የሙሴን እኅት ማርያምን አስታውሱ። በኦሪት ዘኁልቁ በ12ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ወንድሟን ኢትዮጵያዊት ሴት አግብቷል ብላ አማችው። የሰው ሚስት በዘሯና በመልኳ አፍ ውስጥ ገባች። እግዚአብሔር ማርያምን ምን አደረጋት? ለምጽ ወጣባት፤ ሰባት ቀንም ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች። ኢትዮጵያውያን ሆነን ይህን ታሪክ ስናነብ ደስ ይለናል፤ የታማችው የኛ ናትና ፍርዱ የተሰጠው ለኛ ይመስለናል። ዛሬ ግን በሐሜተኛይቱ ቦታ የቆምነው እኛ ነን፤ በኢትዮጵያዊቱ ቦታ ያለችው ይህች አራስ ናት። ደግሞም አስተውሉ፤ ለማርያም ምሕረት የለመነላት የታማው ሙሴ ነበር። ይቅርታ የምትጠይቋት ሴትም እንደርሱ ልባም እንደሆነች አምናለሁ። ሂዱና ደጇን አንኳኩ።

«ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው?» የሚለው ጥያቄ የደቀ መዛሙርቱም ጥያቄ ነበር። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠይቁ ጌታ የሰጠውን መልስ በዮሐንስ ወንጌል 9ኛ ምዕራፍ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ በደሉ የርሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ ነገራቸው። ወንጌል ሲነበብ ቆማችሁ ትሰሙታላችሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጥታችሁ ግን ያው ጥያቄ በአፋችሁ ነው። መስጊድ የምትሰግደው ወንድሜም አንተ ነፃ አይደለህም። የሰውን መልክ የሚፈጥር ማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ በፈጠረው ላይ ስታፌዝ በማን ላይ እንደምታፌዝ አስብና ተውባ ግባ።

አመሉ በከተማችን አዲስ አይደለም። የጣናን ደንገል ቆርጠው ታንኳ የሚሠሩልንን፣ ከኛ በፊት ሐይቁን የሚያውቁትን ነገደ ወይጦ ስንት ዘመን አብረናቸው ሳንበላ ኖርን? እነርሱን በመብላቸው፣ ይህን ልጅ በቆዳው እንንቀዋለን። ሁልጊዜ የምንንቀው አናጣም።

ንቀት ደግሞ ባለበት አይቆምም። በታንዛኒያ «እነዚህ ሰዎች እንደኛ አይደሉም» ከሚል ወሬ ተነሥተው፣ የአካላቸው ክፍል ሀብት ያመጣል ወደሚል የጠንቋይ ቃል ተሻገሩ። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ሕፃናትና ጎልማሶች በሌሊት እየታረዱ እጅና እግራቸው ተቆርጧል። በማላዊም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ያው ግፍ ተስፋፋ። የታንዛኒያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ጠንቋዮችን እስከ መከልከል ደረሰ። ገዳዮቹ ከሰማይ አልወረዱም፤ እንደኛ በሠፈር የሚያወሩ፣ በሕፃን ላይ የሚስቁ ሰዎች መካከል ያደጉ ናቸው። «እኛ እኮ አንገድልም፣ ስም ብቻ እናወጣለን» የምትል ሁሉ መንገዱ ከየት እንደሚጀምር ልብ በል።

እኛም ጋ ቢሆን ሞት አለ። ጩቤ የለበትም እንጂ ሞት ነው። ይህን ረጋ ብላችሁ ስሙኝ።

የባሕር ዳርን ፀሐይ ታውቋታላችሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከምድር ወገብም ሩቅ አይደለችም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ቀትር ላይ ልክ በአናታችን ታልፋለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚያቃጥለው የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። እኔና አንተ ይህን ጨረር የምንመክትበት ሜላኒን በቆዳችን አለ። ነጭ ሆኖ የተወለደው ልጅ ግን በበቂ የለውም። እናቱ በጀርባዋ አዝላው ገበያ ደርሳ ስትመለስ ፊቱ ተቃጥሎ ያድራል። ከንፈሩ ይሰነጠቃል፣ ጆሮውና ማጅራቱ ይቆስላል። በልጅነቱ የተጠራቀመው ቃጠሎ በወጣትነቱ ሻካራ እከክ፣ ከዚያም የማይድን የሚመስል ቁስል ይሆናል። ያ ቁስል ችላ ሲባል የቆዳ ካንሰር ነው። በአፍሪካ አልቢኒዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች 40 ዓመት ሳይሞላቸው የሚያልፉት በዚህ ምክንያት ነው። አልቢኒዝም በራሱ ዕድሜ አያሳጥርም፤ ጥላ ያገኘ፣ ሐኪም ያየው ሰው እንደማንኛችንም ይሸመግላል።

ማዳኑ ደግሞ ከዐቅማችን በላይ አይደለም። ክፈፉ ሰፊ የሆነ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ጃንጥላ፣ ጥቁር መነጽር፣ የመከላከል መጠኑ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ መዳረሻ 10 ሰዓት ከፀሐይ መጠበቅ። ደመና ነው ብሎ አለመዘናጋት፤ ጨረሩ በደመናም ያልፋልና። በየስድስት ወሩ ቆዳን ለሐኪም ማሳየት። ገና በጅምሩ የተገኘ እከክ በፈሳሽ ናይትሮጅን በደቂቃዎች ውስጥ ይነሣል፤ ዓመት የቆየው ግን ቢላዋ ይጠይቃል፣ ከዚያም ካለፈ አይመለስም። በከተማችን ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች አሉ። የሩቅ አገር ነገር አይደለም የምነግራችሁ።

እናስ ምን እናደርጋለን? ልጁን ጋኔን አለበት ብለን ጠበል እንወስደዋለን። ጠበልን አልነቅፍም፤ አምኜ የምጠመቅ ሰው ነኝ። ነገር ግን ቆዳው ፀሐይ የማይችለውን ሕፃን ራቁቱን ሰልፍ ላይ አቁማችሁ፣ ቀትሩን ሙሉ ተራ አስጠብቃችሁ፣ ተቃጥሎ ሲጮኽ «ጋኔኑ ጮኸ» ስትሉ እግዚአብሔርን አትፈሩም? የጮኸው ቆዳው ነው። እናንተ አጥማቂዎች፣ እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣባችሁ ሳይነጋ አጥምቁት፣ ጥላ አስይዙለት፣ ለናቱም «ጋኔን የለበትም፤ ሐኪም አሳዪው» በሏት። ይህን ባትሉ በልጁ ቁስል ውስጥ እጃችሁ አለበት። ካህናትም ሆይ፣ በቅጥረ ቤተ ክርስቲያን «ባርኔጣህን አውልቅ» ብላችሁ የምትቆጡት ልጅ ማን እንደሆነ እዩ። ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጡት፤ ስብከታችሁም አንድ ቀን እንኳ ስለርሱ ይሁን።

መምህራን፣ በእናንተ ላይ ያለኝ ወቀሳ ከሁሉ ይመርራል። ይህ ልጅ ዓይኑ የሚንቀጠቀጠው ተንኮለኛ ሆኖ አይደለም። ሜላኒን በማነሱ የዓይኑ ውስጠኛ ክፍል እንደሚገባው ሳያድግ ቀርቷል፤ መነጽር ያግዘው እንደሆነ እንጂ ፈጽሞ አያስተካክልለትም። ሰሌዳ ላይ የጻፍኸው አይታየውም። አንተ ግን ከኋላ አስቀምጠህ «ገልብጥ» ትለዋለህ፤ ሳይገለብጥ ሲቀር «ሰነፍ» ትለዋለህ፣ ትመታዋለህም። ደብተሩን አፍንጫው ላይ ሲያስጠጋ ክፍሉ ይስቃል፣ አንተም ዝም ትላለህ። የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ኮፍያውን ታስወልቀዋለህ፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሜዳ ላይ ታስሮጠዋለህ። 5ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ሲያቆም «አእምሮው አይቀበልም» ብለህ ትመዘግባለህ። አእምሮው ምን ሆነ? በታንዛኒያ ሳሉም ካልፋኒ ባርዋኒ የተባለ አልቢኒዝም ያለበት ሰው እ.ኤ.አ. በ2010 ሕዝብ መርጦት ፓርላማ ገብቷል፤ የማሊው ሳሊፍ ኬይታ በዓለም መድረክ ሁሉ ዘፍኗል። ይህን ልጅ ፊት ለፊት ከሰሌዳው ጥግ አስቀምጠው፤ ከመስኮቱ ብርሃን አርቀው፤ ጽሑፉን አጉልተህ ስጠው፤ ፈተና ላይ ጊዜ ጨምርለት። ብርም አይጠይቅህም። ያላደረግኸው ስላልቻልህ አይደለም፤ ስላላየኸው ነው፤ አለማየትህም ኃጢአት ነው።

አሠሪዎችም «ደንበኛ ይሸሽብኛል» ብላችሁ መለሳችሁት፤ ልጅቱን ወጥ ቤት ደበቃችኋት፣ ልጁን ለቀን ሥራ ፀሐይ ላይ ላካችሁት። በጥላ ሥር የሚሠራ ስንት ሥራ እያላችሁ! አካል ጉዳተኞች በሥራ ላይ እንዳይገለሉ የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው? ሹማምንትም በያመቱ ሰኔ 6 የአልቢኒዝም ቀን ሲደርስ ባነር አሠርታችሁ ፎቶ ትነሣላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያን ቀን የወሰነው ለፎቶ አይደለም። የፀሐይ መከላከያው ቅባት ዛሬም በየፋርማሲው ከመዋቢያ ጋር ተደርድሮ ይሸጣል፤ ዋጋውን የቀን ሠራተኛ እናት አትደፍረውም። በኪሊማንጃሮ ሥር በሞሺ ከተማ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች የሚሆን ኪሊሰን የተባለ ቅባት አገር ውስጥ ተመርቶ በነፃ ይታደላል። እኛ ዩኒቨርሲቲ አለን፣ የኬሚስትሪ መምህራን አሉን፣ የጤና ቢሮ አለን። ፈቃድ የለንም።

«ልጄን ለርሱ አልድርም፣ የልጅ ልጆቼ ሊነጡ ነው» የምትሉ ወላጆችም አላችሁ። ያላወቃችሁትን ልንገራችሁ፤ ሌላኛው ወገን ይህን ውርስ ካልተሸከመ ከልጆቻቸው አንድም ነጭ ሆኖ አይወለድም። ብትወልድስ? እንዲያ ሆኖ የተወለደ የልጅ ልጅ ቢኖራችሁ ምን ጎደላችሁ?

ልጃችሁን ጓዳ የደበቃችሁ ወላጆች፣ እናንተን ስናገር ድምፄን እቀንሳለሁ፤ ያስደበቃችሁ የኛ ምላስ ነውና። ግን እናንተንም አልተውም። ፀሐይ እንዳይነካው ብላችሁ የጀመራችሁት ሰው እንዳያየው ወደሚል ተለውጧል። ልጁ በጨለማ ውስጥ «እኔ የማሳፍር ነገር ነኝ» ብሎ እያደገ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ግባ» የምትሉትን ቃል ተዉ። ስሙን ጠርታችሁ «ልጃችን ነው» በሉ። ፊደል ሳይቆጥር ዓመት እንዲያልፈው አታድርጉ። ከፀሐይ የሚሸሸግበት ጥላ እንጂ ከሰው የሚሸሸግበት ጓዳ አይገባውም።

ንስሐ ግቡ ስል ደረታችሁን ደቅታችሁ አልቅሱ ማለቴ ብቻ አይደለም። ሲያልፍ «ፈረንጅ» ያልኸውን ወጣት ስሙን ጠይቀውና በስሙ ጥራው። ልጅህ ሲጮኽበት ከሰማህ ጆሮውን ይዘህ ይቅርታ ይጠይቅ ዘንድ ውሰደው። ባጃጅህ ባዶ ሆኖ በቀትር እናትና ልጅ ፀሐይ ላይ ቆመው ካየህ አሳፍራቸው። ዕድርተኞች፣ ለአንድ ድንኳን ኪራይ የምታወጡት ለአንድ ልጅ የስንት ወር ቅባት እንደሚሆን ተሰብስባችሁ አስሉ። ሐሜቱን የጀመርሽው ሴት፣ በዚያው ቡና ላይ «የነገርኋችሁ ሐሰት ነው» ብለሽ አፍርሺው። ጾም እየጾምን፣ እየሰገድን፣ ሕፃን እያስለቀስን ወደ ሥጋ ወደሙ አንቅረብ፤ ፍርድን እንጂ ምሕረትን አንበላም።

ወላጅ የሆንህ ደግሞ ቀጠሮ አታብዛ። የልጅህ አንገት ወይም ጆሮ ላይ ወር ያለፈው እከክ ካለ ነገ ማልደህ ወደ ቆዳ ሐኪም ውሰደው፤ ባርኔጣውን አልብሰው፣ እጁን አንተው ራስህ ይዘህ ሂድ።